ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት ዓመታት፦ የኩላሊት ንቅለ ተከላና የካንሰር ሥጋት ታሪክ

(በሲኤምሲ በተካሄደ ሕዝባዊ ገለጻ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ዛሬ የተሰበሰብንበት ሠፈር ስሙን ያገኘው ከአንድ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ምሕፃረ ቃል ነው። ድርጅቱ ከሄደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስሙ ግን በታክሲ ረዳቶች አፍ ላይ ቀርቷል። ሠፈሩን ከዚያ ወዲህ የጠበቁት፣ የኖሩበትና ያስተካከሉት ሰዎች ስም በየትም አልተጻፈም። የሕክምና ታሪክም በአብዛኛው የሚጻፈው በዚሁ ልማድ ነው። የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ያደረገው ሐኪም ይታወሳል፤ ቀኑ ይከበራል፤ ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሕመምተኛው ከዚያ በኋላ ዐሥርና ሃያ ዓመት እንዴት እንደኖረ፣ ምን እንደገጠመው የሚተርክ ታሪክ ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህ ሁለተኛው ታሪክ ነው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር፣ በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተካሄደ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በዚያው ወር ነው፤ በዚህ ደጃፍ የሚያልፈውና ከአያት የሚነሣው መስመርም በጥቅምት ተከተለ። ከተማዪቱ ስለ ባቡሩ ብዙ ተነጋገረች። በጉለሌ የተደረገው ነገር ግን በእኔ ግምት ከባቡሩ የሚተናነስ አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙበት ኢትዮጵያዊ ያለው ምርጫ ሁለት ነበር፤ ወይ አቅሙ እስከፈቀደለት ድረስ እጥበት ላይ መቆየት፣ ወይም ቤቱን ሸጦ፣ ወዳጅ ዘመድ አስተባብሮ ወደ ውጭ አገር መሄድ።

እጥበቱ ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁት በአጭሩ ልናገር። ደም ከሰውነት ወጥቶ በማሽን ተጣርቶ ይመለሳል፤ ሥርዓቱ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜም አራት ሰዓት ያህል እንዲሆን ይመክራል። በእኛ አገር ሦስቱ ብዙ ጊዜ ሁለት፣ ሁለቱም አንድ ይሆናል፤ ምክንያቱ ገንዘብ ነው። በቦሌ አካባቢ በሚገኘው ቅዱስ ገብርኤል ጠቅላላ ሆስፒታል መደበኛ እጥበት ይከታተሉ የነበሩ 91 ሕሙማንን መዝገብ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአንድ ዓመት በላይ በሕይወት የቆዩት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። ይህን ቁጥር በልቡናችሁ ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ ስለ ካንሰር ሥጋት የምናገረው ሁሉ ከዚህ ቁጥር ጋር እየተመዘነ ሊሰማ ይገባዋል። ንቅለ ተከላ ሥጋት አለው ስንል፣ ያለ ንቅለ ተከላ መኖር ሥጋት የለውም ማለታችን አይደለም።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 በቦስተን ከተማ ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቻቸው ከአንድ ወጣት ኩላሊት ወስደው ለመንትያ ወንድሙ ተከሉለት። መንትዮቹ ፍጹም አንድ ዓይነት ነበሩና የተቀባዩ ሰውነት የወንድሙን ኩላሊት እንደ ራሱ ሥጋ ቆጠረው። ተቀባዩ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ። ሆኖም አንድ ዓይነት መንትያ ያለው ሕመምተኛ ስንት ነው? ለቀረው የሰው ልጅ ኩላሊት ለመትከል፣ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያለዝብ ነገር መገኘት ነበረበት። መጀመሪያ ላይ መላ ሰውነትን በጨረር መምታት ተሞከረ፤ ብዙዎች ከኩላሊቱ ይልቅ በጨረሩ ጉዳት ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዛታዮፕሪን የተባለው መድኃኒት መጣ፤ በዴንቨር ቶማስ ስታርዝል ከፕሬድኒሶን ጋር አጣምረው ሰጡት። ያን ጊዜ ነው ንቅለ ተከላ ከሙከራነት ወደ ሕክምናነት መሻገር የጀመረው።

ሕሙማኑም መኖር ጀመሩ። ሲኖሩ ግን አዲስ ነገር ታየ።

በዚያው በዴንቨር ይሠሩ የነበሩ፣ በትውልዳቸው ደቡብ አፍሪካዊ የሆኑ እስራኤል ፔን የተባሉ ቀዶ ሐኪም፣ ኩላሊት ከተተከለላቸው ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ሊምፎማ በተባለው የንፍፊት ካንሰር ሲያዙ አስተዋሉ። የሕሙማኑ ዕድሜ ለዚያ በሽታ የሚጠበቅ አልነበረም። ሌላ ሐኪም ቢሆን እንደ አጋጣሚ ሊያልፈው ይችል ነበር። ፔን ግን መዝገብ ከፈቱ። በየአገሩ ላሉ የንቅለ ተከላ ማዕከላት ደብዳቤ እየጻፉ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ እንደሆነ አስታውቁኝ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ይህ መዝገብ በኋላ ወደ ሲንሲናቲ ተዛውሮ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በታሪኩ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ እኔ የማደላው ለእኚህ ሰው ነው። የሠሩት ሥራ የጸሐፊ ሥራ ነው፤ ቢላዋው የከፈተውን ምዕራፍ ብዕር ተከታተለው።

በነዚያው ዓመታት ከሊምፎማው ጎን ሌላ የሚያስደነግጥ ጉዳይ ተገለጠ። ከሟች የተወሰደ ኩላሊት፣ ሟቹ ሳይታወቅበት የነበረውን ካንሰር ይዞ ወደ ተቀባዩ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመ አንድ ዘገባ በተለይ የሚደንቅ ነው። ሐኪሞቹ የተቀባዩን የመከላከል አቅም የሚቀንሱትን መድኃኒቶች ሲያቆሙ፣ ሰውነቱ ከባዕዱ ኩላሊት ጋር የመጣውን ባዕድ ካንሰርም ተቃውሞ አስወገደው። ኩላሊቱ ጠፋ፤ ሰውየው ግን ከካንሰሩ ዳነ። ዛሬ ማንኛውም ለጋሽ፣ ወንድምም ይሁን እናት፣ ብዙ ምርመራ የሚደረግለት ከዚህ በተገኘ ትምህርት ጭምር ነው። ለጋሾች አንዳንድ ጊዜ በምርመራው ብዛት ሲማረሩ እሰማለሁ፤ እያንዳንዱ ምርመራ ከኋላው አንድ የሞት ታሪክ እንዳለው ቢነገራቸው ምናልባት ይታገሡ ነበር።

የፔን መዝገብ ታላቅ ሥራ ቢሆንም አንድ ጉድለት ነበረበት። የታመሙትን ይቆጥራል እንጂ ከስንት ሰዎች መካከል እንደታመሙ አይነግረንም። በገበያ ላይ አምስት የተሰበሩ እንቁላሎች አሉ ማለት፣ የመጡት ዐሥር ይሁኑ ዐሥር ሺህ ካልታወቀ፣ ስለ መንገዱ ምንም አይነግርም። ይህን ጉድለት የሞሉት አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ናቸው። እነርሱ እጥበት የጀመረውንና ኩላሊት የተተከለለትን ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የ28,855 ሕሙማንን መዝገብ ከአገሪቱ የካንሰር መዝገብ ጋር አገናኙ። ውጤቱ እንዲህ ነበር፤ ሕሙማኑ እጥበትም ንቅለ ተከላም ከመጀመራቸው በፊት በነበሩት ዓመታት የካንሰር መጠናቸው ከሌላው ሕዝብ በ16 በመቶ ይበልጣል፤ በእጥበት ላይ ሳሉ በ35 በመቶ፤ ከንቅለ ተከላ በኋላ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። በሦስቱም ዘመን የተለኩት አንድ ዓይነት ሕሙማን በመሆናቸው፣ ጭማሪው በዋነኛነት የኩላሊት ሕመሙ ራሱ ያመጣው እንዳልሆነ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ከ175,000 በላይ ንቅለ ተከላዎችን ያካተተ ጥናት ደግሞ ጭማሪውን ሁለት እጥፍ ያህል አድርጎ አገኘው።

ሦስት እጥፍ ሲባል አትደንግጡ። የሠላሳ ዓመት ወጣት በካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከመነሻው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ቁጥር በሦስት ሲባዛ ብዙ ጊዜ አሁንም ትንሽ ነው። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። በፍርሃት መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ኩላሊቱን ያጣል፤ ኩላሊቱን ካጣም ቅድም ወዳልኳችሁ ወደ እጥበቱ ቁጥር ይመለሳል።

ይልቅ ትልቁን ትምህርት ያመጣው፣ የትኛው ካንሰር ጨመረ የሚለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሉዊስ ቶማስና ማክፋርሌን በርኔት የተባሉ ሊቃውንት፣ ሰውነታችን በየዕለቱ የሚወለዱ የካንሰር ሕዋሳትን እንደ ዘበኛ እየዞረ ያጠፋል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ትክክል ቢሆን ኖሮ፣ ዘበኛው ሲደክም ካንሰር ሁሉ በእኩል መጨመር ነበረበት። እንዲያ አልሆነም። የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር አልጨመሩም። እጅግ የጨመሩት በአመዛኙ ቫይረስ የሚያመጣቸው ናቸው፤ ሊምፎማ፣ ካፖሲ ሳርኮማ፣ የማሕፀን በር ካንሰርና የመሳሰሉት። ነጮች በሚበዙበት አገር የቆዳ ካንሰርም በብዙ ዐሥር እጥፍ ይጨምራል፤ የፀሐይ ጨረር በጥቁር ቆዳ ላይ ያን ያህል ጉልበት የለውም። (አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ግን ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ይህን ሐኪሞቻችን ሊዘነጉት አይገባም።)

እ.ኤ.አ. በ2007 የአውስትራሊያው አንድሩ ግሩሊችና ባልደረቦቻቸው ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ የሕሙማን ወገኖችን ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ በአንድ በኩል ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለባቸውን፣ በሌላ በኩል ኩላሊትና ሌላ የሰውነት ክፍል የተተከለላቸውን። አኗኗራቸው የተለያየ ነው፤ የሚጨምሩባቸው ካንሰሮች ዝርዝር ግን ከሞላ ጎደል አንድ ሆነ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የደከመ የመከላከል አቅም ብቻ ነበር።

ይህ ግኝት ለእኛ ከማንም ይልቅ ሊቀርበን ይገባል። «በሽታ የመከላከል አቅም» የሚለው ሐረግ ወደ ዕለት ንግግራችን የገባው በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁ ወዲህ፣ በየቀበሌው፣ በየዕድሩ፣ በየትምህርት ቤቱ ይህ ቃል ተሰብኳል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ የመከላከል አቅም ሲወድቅ ምን እንደሚከተል ያውቃሉ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የኤች.አይ.ቪ. ሕመምተኛ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት የሚውጠው አቅሙ ከፍ እንዲል ነው፤ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ግን ዕድሜ ልኩን የሚውጠው አቅሙ ዝቅ እንዲል ነው። ይህን ለዘመድ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ሰው ራሱን በፈቃዱ ያደክማል፤ ለምን ቢሉ፣ የእናቱ ኩላሊት በሆዱ ውስጥ በሰላም እንዲኖር።

ከካንሰሮቹ ሁሉ ካፖሲ ሳርኮማን ለይቼ ልናገርበት እወዳለሁ፤ ታሪኩ ወደ አካባቢያችን ስለሚያደርሰን። በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1872 በቪየና የገለጹት ሞሪትዝ ካፖሲ ናቸው። ያን ጊዜ በሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚገኙ ሽማግሌዎችን የሚይዝ ብርቅ በሽታ ተብሎ ታሰበ። ቆይቶ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ኤድስ ሳይታወቅ በፊት የነበረ መሆኑ ታየ። ከንቅለ ተከላ በኋላም ብቅ አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ ጥቂት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሳዑዲ ዐረቢያ የተደረገ ጥናት ግን ከተተከለላቸው መካከል ዋነኛው ካንሰር እርሱ እንደሆነ አገኘ። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር ዛሬ ሄርፐስ ቫይረስ 8 የምንለውን ቫይረስ አገኙ። ቫይረሱ በሰፊው በሚገኝበት ሕዝብ ዘንድ ካንሰሩም ከንቅለ ተከላ በኋላ ይበዛል።

እንግዲህ ወደ እኛ ስንመጣ፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከመካከላቸው ብዙዎች ይህ ቫይረስ በደማቸው ያለባቸው መሆኑን አሳይተዋል። የሚገርመው ደግሞ ኤች.አይ.ቪ. በነበረባቸውም ላይ ካንሰሩ የተጠበቀውን ያህል አለመታየቱ ነው። ቫይረሱ አለ፤ በሽታው ብርቅ ነው። ይህ በራሱ ለአገር ልጅ ተመራማሪ የተዘረጋ ማዕድ ነው። ዛሬ በእኛ ከተማ ኩላሊት ለሚተከልለት ሰው ግን ጉዳዩ ከዕውቀት ጥማት ያለፈ ነው። ዘር የሚያጠና ሰው መልሱን ሃያ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ ዛሬ ጠዋት መድኃኒቱን የዋጠው ሕመምተኛ ግን ቆዳው ላይ የወጣችው ሐምራዊ ነጥብ ምን እንደሆነች የሚነግረው ሰው የሚፈልገው ዛሬ ነው።

ደግነቱ ይህ ካንሰር ከተደረሰበት መፍትሔ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ባለችው ኢስተር ደሴት ከተሰበሰበ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ፣ በኋላ ሲሮሊመስ የተባለው መድኃኒት ተገኘ። መጀመሪያ እንደ ፀረ ፈንገስ ታየ፤ ቀጥሎ የመከላከል አቅምን የሚቀንስ ሆኖ ተገኘ፤ በመጨረሻም የአንዳንድ ካንሰሮችን ዕድገት እንደሚገታ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2005 የጣሊያን ሐኪሞች ካፖሲ ሳርኮማ የያዛቸውን 15 የኩላሊት ተቀባዮች ሳይክሎስፖሪኑን አስቁመው ሲሮሊመስ ሰጧቸው። በሦስት ወር ውስጥ የቆዳው ቁስል ከሁሉም ጠፋ፤ የተተከለውም ኩላሊት አልተጎዳም። ከዚያ በፊት መድኃኒቱን መቀነስ ማለት ኩላሊቱን ለአደጋ ማጋለጥ ነበር።

ሊምፎማውን፣ የጉበት ካንሰሩን በዝርዝር አልሄድበትም፤ ስለ አሮጌዎቹ ኩላሊቶች ግን አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ንቅለ ተከላ ሲደረግ የታመሙት ሁለቱ ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ ከቦታቸው አይወጡም። አዲሱ በታችኛው የሆድ ክፍል፣ በጎን በኩል ይቀመጣል፤ ሰውየው ባለ ሦስት ኩላሊት ይሆናል። ሥራ የፈቱት አሮጌዎቹ በረዥሙ የእጥበት ዘመን ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ያበጁና አንዳንዴ ካንሰር ይበቅልባቸዋል። ይህም እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተጻፈ ነገር ነው። አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ ሊያሳየው ይችላል፤ ማን ይዘዘው የሚለው ነው ጥያቄው።

አሁን በእጃችን ስላለው ልናገር። በምኒልክ ሁለተኛ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የዓይን ባንክ አለ፤ ኢትዮጵያውያን ከሟች የተወሰደ የዓይን ብሌን ሲቀበሉ ኖረዋል። የብሌኑ ፊተኛው መስታወት የደም ሥር የለውምና ተቀባዩ የመከላከል አቅሙን የሚያደክም ብርቱ መድኃኒት በአብዛኛው አያስፈልገውም። ስለዚህ ስለ ንቅለ ተከላ ያለን የሕዝብ ግንዛቤ ከዓይኑ የተወሰደ ነው፤ ይተከላል፣ ይድናል፣ ያበቃል ብለን እናስባለን። ኩላሊት እንዲህ አይደለም።

ደግሞም ከኤች.አይ.ቪ. ዘመን የወረስነው አለ። የማሕፀን በር ካንሰርን አስቀድሞ ለማየት በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ቀላል ምርመራ በአገራችን መስፋፋት የጀመረው ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸውን ሴቶች በማስቀደም ነው፤ ምክንያቱም የመከላከል አቅማቸው የደከመ ነው። የክትባቱም ሥራ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በ2011 ዓ.ም. ተጀምሯል። የግሩሊችን ጥናት ያነበበ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው፣ ያቺ ኩላሊት የተተከለላት ሴት ለምን በዚያው ወረፋ አትቀመጥም የሚለውን ነው። አዳራሹ ተሠርቷል፤ በሩ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው የሚለየው። እኛ ከውጭ የምንቀዳቸው የክትትል መመሪያዎች በአብዛኛው የተጻፉት ለነጭ ቆዳ ነው፤ ከፀሐይ ተጠበቅ፣ ኮፍያ አድርግ ይላሉ። ምክሩ አይጎዳም። የእኛን ሴት ግን ከኮፍያው ይልቅ የጤና ጣቢያው ነርስ ትጠቅማታለች፤ የጉበት ቫይረስ ምርመራም እንዲሁ።

ሁለተኛው በእጃችን ያለ ነገር የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አማካይነት በከተማዪቱ የሚገኙ ሕሙማንን ይመዘግባል። በቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ ከመቶ በላይ ሰዎች ኩላሊት ተተክሎላቸዋል። አውስትራሊያውያን ሁለት መዝገብ ለማገናኘት 28,855 ስም ማዛመድ ነበረባቸው። የእኛ ተቀባዮች ስም በአንድ መካከለኛ ደብተር ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች ዐሥረኛ ዓመታቸውን የሚደፍኑበት ጊዜ ነው፤ ካንሰሩም ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ወራትን ሳይሆን ዓመታትን ቆጥሮ ነው። ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይኖርም፤ ቁጥሩ ሺህ ከሆነ በኋላ የጠፉትን ማፈላለግ ሌላ ሥራ ይሆናል። ወደ ውጭ አገር ሄደው ተተክሎላቸው የተመለሱትንም በዚያው ደብተር መጻፍ ያስፈልጋል፤ እነርሱ ከተከላቸው ሐኪም በባሕር ስለተለዩ ከሁሉ ይልቅ ከዓይን የሚርቁ ናቸው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንፃ ወይም ማሽን አይደለም። አንድ ጠንቃቃ መዝጋቢ፣ የሕመምተኛውን ምሥጢር የሚጠብቅ የመለያ ቁጥር፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሁለቱን ዝርዝሮች የሚያስተያይ ሰው ነው። ከዚህ አዳራሽ ካሉት የሕክምናና የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ካለ፣ ገለጻው ሲያበቃ ፊት ለፊት ያገኘኛል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።